በአውቶቡስ የተለካች

አባቷ የሞተ ጊዜ መንገዱን ለወንድሟ በአውሮፕላን፣ ለእሷ በአውቶቡስ ለኩት። ሁለቱም የሚኖሩት በአንድ ከተማ ነው፤ ከሱ ቤት እሷ ፍራሽ እስከምትሰፋበት ሱቅ ድረስ በእግር ቢሄዱት ላብ እንኳ አያስወጣም። ታላቅ እህታቸው ግን የደወለችው ለሱ ነው። እሱም ቦርሳውን አንጠልጥሎ በአውሮፕላን ሄደ፣ አባቱን ቀበረ፣ ተመለሰ። ለእሷ የነገራት ከተመለሰ በኋላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ የሱቋ በር ላይ ቆመ፤ እሷ ተንበርክካ የአንዲት ሙሽራ ፍራሽ ጠርዝ እየሰፋች ነበር። «አባባን ቀበርነው» አላት። መርፌው ከእጇ አልወደቀም፤ እንዲያውም ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «ምነው ሳትነግሩኝ?» ብትለው «አትደርሺም ብለን ነው፤ የሁለት ቀን መንገድ ነው» አላት። «አንተስ በምን ደረስክ?» አለችው። «እኔማ በአውሮፕላን» አለ። ክፋት አልነበረበትም። በዝናብ የበሰበሰ ሰው ሲያይ «እኔማ ጃንጥላ ነበረኝ» እንደሚል ደረቅ ሰው ነው ያለው። የገደላትም ይኸው ነው። ቦታ አጣሁልሽ ብሎ ቢዋሻት፣ ደንግጬ ረሳሁሽ ቢላት፣ አልቅሳ ይቅር ትለው ነበር። አውሮፕላኑ ግን ለሱ እንደ እጁና እንደ እግሩ አብሮት የተፈጠረ፣ ለእሷ ደግሞ በማንም ሐሳብ ውስጥ ያልገባ ነገር ነበር። ለዚህ ምን ተብሎ ይቅር ይባላል?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ መርፌ ይዞ የሚያድር ሰው ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። አልተጣላችም። መጣላት ቢሆን ኖሮ እርቅም ይኖረው ነበር። በዓመት ሁለት ሦስቴ ወንድሟ ቤት ትሄዳለች፣ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፣ ስለ ሙቀቱ ይነጋገራሉ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ይነጋገራሉ፣ ሚስቱ ውሃና ሻይ ታቀርባለች፤ እሷ ግን «ጠጥቼ ነው የመጣሁት» ብላ ሳትነካው ትነሣለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ጉሮሮዋን አላራሰችም። ወንድሟ ይህን ልብ ይበል አይበል አታውቅም። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው፤ ሲያለቅስ ለምን እንደሚያለቅስ ከድምፁ ታውቅ ነበር፤ ዛሬ ዝም ሲል ለምን ዝም እንደሚል አታውቅም። ታላቅ እህታቸው እታለም ደግሞ የዋህ ናት፤ የዋህ ሰው ደግሞ ሳያውቅ ነው የሚወጋው። አንድ ጊዜ በስልክ ስትጫወት «አባባን እኮ ኢንጂነሩ እስኪደርስ ብለን ከዓሣ ቤት በረዶ እያመጣን ነው አንድ ቀን ሙሉ ያቆየነው» አለቻት። የቤቱ ሰው ሁሉ ወንድሟን ኢንጂነሩ ነው የሚለው። እሷ ያን ቀን ስልኩን ዘግታ የያዘችውን ጥጥ ስትነድፍ ዋለች፤ ጥጡ ዱቄት እስኪሆን ነደፈችው።

ዛሬ ጠዋት ስልኩ ሲጠራ የምትሰፋው ትራስ ነበር። የገበያ ሥራ አይደለም። እናታቸው አልጋ ከያዘች ወዲህ አንገቷን ያማታል ስለተባለ የተሠራ ነው። ለደንበኛ እንደምታደርገው ብጣሽና ቁርጥራጭ አላደባለቀችበትም፤ ፍሬው አንድ በአንድ የተለቀመ ጥጥ ነው፤ መሀሉን ለማጅራት ጎድጎድ፣ ዳርና ዳሩን ሞላ አድርጋ ሰፍታዋለች። የሚሄድ ሰው ካገኘች ልትልክላት ነበር። የሱቁ ወለል በጥጥ ብናኝ ነጭ ሆኗል፤ በዓይን ሽፋሽፍቷ ላይም አርፏል፤ ግድግዳው ሳንቃ ስለሆነ ከጎረቤቷ ከመስታወት ቆራጩ ሱቅ የሚመጣው የአልማዝ ጭረት ጥርስ ያስነክሳል። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ መስፋቷን ቀጠለች።

«ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሻለሁ እታለም። ምነው በጠዋቱ?»

«እማዬ ደክማለች። ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት ነው ያደረችው፤ ሐኪሙም የሚጠራ ሰው ካለ ጥሩ አለ። የኢንጂነሩ ስልክ አይሠራም። እባክሽ ቤቱ ድረስ ሂጂና ንገሪው፤ በዛሬው አውሮፕላን ይምጣ።»

መርፌዋን ትራሱ ላይ ሰካችው። «እሺ» አለች። ከዚያ ሳታስበው «እኔስ?» አለች።

እታለምን ጥያቄው አላስደነገጣትም፤ ግራ ነው የገባት። «አንቺማ በምን ትደርሻለሽ እህቴ? የሁለት ቀን መንገድ ነው። በከንቱ አትንገላቺ። በኋላ ረጋ ብለሽ ትመጫለሽ።»

ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ሰው ለሚያዝንለት ሰው የሚያወጣው ድምፅ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም በጆሮዋ እንደያዘችው ቆየች። ከሳንቃው ማዶ ጭረቱ ቆመና መስታወት ቆራጩ «ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም። አንተ መስታወትህን ቁረጥ።»

«እኔማ እየቆረጥኩ ነው፤ አንቺ ነሽ መስፋት ያቆምሽው።»

ነጠላዋን ከነብናኙ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

የወንድሟ ሚስት አስተማሪ ናት፤ ፈረቃዋ ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ቤት ነበረች። ሳሎኑ እንደ ሁልጊዜው ነው። ሶፋው ውድ ነው፤ ግን ስፖንጁ ሞቷል፣ የሚቀመጥበትን ሰው ወደ መሀል ይውጣል፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን እያወቀች አንድ ቀን እንኳ «አምጡት ልሙላላችሁ» አላለችም። ግድግዳው ላይ ወንድሟ ከሠራቸው ድልድዮች የአንዱ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ሥሩ ደግሞ የአባታቸው ጉርድ ፎቶ በትንሽ ፍሬም ተቀምጧል። ሚስትየዋ ከልማድ የተነሣ አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጥታ አጠገቧ አኖረች፤ ከልማድ የተነሣም እንደማይጠጣ ታውቃለች። ነገሩን ስትሰማ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እሱ እኮ ሳይት ነው እትዬ፤ አዲሱ ድልድይ ጋ። ኔትወርክ የለም። ለኔ እንኳ የሚደውለው ቅዳሜ ቅዳሜ ኮረብታ ላይ እየወጣ ነው።»

ወደ መሥሪያ ቤቱ ደወለች። አንዱ ለሌላው አቀበላት፣ ሌላው ቆይ አላት፣ በመጨረሻ ነዳጅ የሚያደርስ መኪና አሁኑኑ ሊወጣ እንደሆነ ተነገራት። ወደ ማታ ይደርሳል፤ መልእክቱን ለሾፌሩ መስጠት ይቻላል። ሚስትየዋ በጣቷ እየቆጠረች ሒሳቡን ሠራችው፤ ዛሬ ማታ ቢሰማ፣ ሌሊቱን መንገዱ ስለማይነዳ ነገ ጎህ ሲቀድ ቢነሣ፣ ነገ ማታ እዚህ ይገባል፤ የነገው አውሮፕላን አምልጦታል ማለት ነው፤ ከነገ ወዲያ ከሰዓት ነው የሚበረው። «መንገድ ሠሪው ሰውዬ ራሱ መንገድ አጣ» አለችና ልትስቅ ሞክራ አለቀሰች። ከዚያ ስልኩን በእጇ ሸፍና «ሾፌሩ ምን ብሎ ይንገረው?» ብላ ጠየቀች።

«ትንሽ አሟታል» የሚል ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። ሦስት ቃል እንኳ አይሞላም። ወንድሟ ሰምቶ፣ የጀመረውን ሥራ ልጨርስ ብሎ፣ ቅዳሜ ኮረብታው ላይ ወጥቶ «እማዬ እንዴት ናት?» ይል ነበር፤ ያን ጊዜ እሷ «ቀበርናት፤ አትደርስም ብለን ነው» ትለው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ቀን ሳትለፋ ሳትደክም ጭኗ ላይ መጥቶ ተቀምጧል። ሚስትየዋ እጇን ስልኩ ላይ እንደጫነች ትጠብቃለች። የአባቷን ፎቶ አየችው፤ አባቷ እንደሁልጊዜው ካሜራውን ትቶ ወደ ጎን ነው የሚያየው።

«እናትህ ልትሞት ነው ይበለው» አለች። «ይህንኑ ይበል። እንዳያለሳልስበት።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ሚስትየዋ ዓይኗን እየጠረገች፣ ሰው የሚያውቀውን ነገር እንደሚጠይቅ አድርጋ «እርስዎስ እትዬ፣ ዛሬ ነው የሚሄዱት?» አለች።

«እኔ አልደርስም።»

«እንዴት አይደርሱም? በረራው እኮ ስምንት ሰዓት ነው። አሁን ገና ሦስት ተኩል።»

ፍራሽ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻት፤ በሴትዮዋ ፊት ላይ ምንም ነገር የለም፣ ጥያቄ ብቻ ነው። ከአባቷ ሞት ወዲህ እናቷን ልታይ በየዓመቱ ሄዳለች፤ በየዓመቱም በአውቶቡስ ነው የሄደችው። እግሯ አብጦ፣ በመሀል መንገድ በምታድርበት ቤት ትኋን በልቷት፣ እዚያ ስትደርስ አንድ ቀን ሙሉ ተኝታ። ወንድሟን እንዲያ ስትረግም፣ እህቷን በልቧ ስታማ፣ የቲኬት ቢሮውን በር አንድ ቀን እንኳ ገፋ አድርጋ «ስንት ነው?» ብላ አልጠየቀችም። እነሱ አንድ ጊዜ ነው የለኳት። ከዚያ ወዲያ መለኪያውን ተቀብላ ራሷን በራሷ ስትለካ የኖረች እሷ ናት።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለች።

«በረራው? አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው የሚባለው። እሱ ግን ‹እንቅልፍ ሳይወስደኝ ያወርዱኛል› ነው የሚለው።»

ሚስትየዋ ደውላ ጠየቀችላት፤ ቦታ አለ። ዋጋውን ስትነግራት ፍራሽ ሰፊዋ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ልቧ ውስጥ ያኖረችው የቤት መሥሪያ የሚያህል ዋጋ ነበር። የሁለት ድርብ ፍራሽ ዋጋ ሆኖ ተገኘ። ሚስትየዋ ቦርሳዋን ስትከፍት እጇን ያዘቻትና «ተዪው፤ የራሴን እከፍላለሁ» አለች። ስትነሣ ውሃውን አየችው። ብርጭቆውን አነሣች፣ ያዘችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። እልኽ እንዲህ በአንድ ቀን የሚለቅ ነገር አይደለም።

ቲኬቷን ገዝታ ሱቋ ተመልሳ የትራሱን ቀሪ ስፌት ቆማ ዘጋችው። መስታወት ቆራጩ በሩ ላይ መጥቶ ነጭ የመስታወት አቧራ ከእጁ እያራገፈ አያት።

«እናቴ ጋ ልሄድ ነው። ሱቁን እይልኝ።»

«አውቶቡስ እኮ ጠዋት ወጥቷል።»

«በአውሮፕላን ነው።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም አዲስ ነበር። ሰውየው ቅንድቡን ሰቀለ። «አይ አንቺ! እንግዲህ ከላይ ሆነሽ የኔ ሱቅ ላይ እንዳትተፊ፤ ጣሪያው መስታወት ነው» አለ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ዋጠው። ቁልፉን ከእጇ ተቀብሎ «በሕይወት ድረሽባት» አላት።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ወለሉ ያብረቀርቃል፤ ሰው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። እሷ ከፊቷ ያለችውን ሴትዮ እየተከተለች፣ ያቺ ስታስቀምጥ እያስቀመጠች፣ ያቺ ጫማ ስታወልቅ እያወለቀች አለፈች። ትራሱ በማሽኑ ውስጥ ገብቶ ወጣ። «ምን አለበት?» ሲሏት «ጥጥ» አለች፤ አንዱ ተቆጣጣሪ ጫን ጫን አድርጎ አየውና «ይሄማ እንቅልፍ ያመጣል» አለ። እሷ ራሷ ስታልፍ ግን ማሽኑ ጮኸ። የዩኒፎርም ልብስ የለበሰች ሴት ስትዳብሳት ከቀሚሷ ደረት ላይ የፍራሽ መርፌዋን አገኘች፤ ጣት የሚያህል፣ ጫፉ የጎበጠ መርፌ። ከመልመዷ የተነሣ እንደ ቁልፍ ልብሷ ላይ መኖሩን እንኳ ረስታዋለች።

«ይሄ አይገባም እማማ።»

«መርፌ ነው እንጂ ጎራዴ ነው?»

«ያው ነው። ክልክል ነው።»

«ሃያ ዓመት የያዝኩት ነው፤ ማንንም አልወጋሁበትም።»

ሴትዮዋ ሳቀችባት፣ ግን መርፌውን ሣጥን ውስጥ ጣለችው፤ ከጥፍር መቁረጫና ከመቀስ ጋር ተደባለቀ። ደረቷ ላይ መርፌው ይወጋበት የነበረውን ቦታ በጣቷ ስትነካው ባዶ ሆነባት።

አውሮፕላኑ ውስጥ ወንበሯ መስኮቱ ጋ ነው። ከመቀመጧ በፊት የወንበሩን ስፌት በአውራ ጣቷ ሄደችበት፤ ጠንካራ ክር፣ እኩል እርምጃ፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ጠርዙ ተተርትሮ በሰነፍ እጅ ተጠግኗል። ይህን ስታይ ፍርሃቷ ትንሽ ቀለለላት፤ ለካ እዚህም የሰው እጅ ነው። አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ከሱ ቀጥሎ መተላለፊያው ላይ አንድ ቦርጫም ነጋዴ ተቀምጦ ቀበቶውን ከመታጠቁ ማዛጋት ጀመረ። ትራሱን አቅፋ እንደተቀመጠች አስተናጋጇ መጣችና «እናቴ፣ እዚህ ያስቀምጡት፤ ሰው የለበትም» ብላ ከእቅፏ ወስዳ ባዶው ወንበር ላይ አኖረችው። እንደ ሰውም ቀበቶ አሰረችለት።

ከዚያ በኋላ ዓይኗ ከዚያ ወንበር አልተነሣም። አውሮፕላኑ ሲነሣ መሬቱ ከሥሯ ሲሸሽ፣ ጆሮዋ ሲደፈን፣ ነጋዴው ገና ከመሬት ሳይለቁ ሲያንኮራፋ፣ እሷ የምታየው ባዶውን ወንበር ነው። ባዶም አይደለ፤ ትራስ ተቀምጦበታል። ያኔም እንዲህ ባዶ ወንበር ነበር? ወንድሟ ጥቁር ሸሚዙን ለብሶ አጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበር ቦርሳውን አስቀምጦበት ይሆን? ሻዩ በወረቀት ኩባያ መጣ። ነጋዴው በሻዩ ሽታ ነቃና ትራሱን አይቶ «ይሄኛው አይጠጣም?» አለ። ሳትወድ ፈገግ አለች።

«መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«በዚህ ከሆነ አራት መቶ ምናምን። በመኪና ከሆነ ግን ወደ ዘጠኝ መቶ ነው።»

«እንዴት ይሆናል? ከተማው ያው ከተማ አይደለም እንዴ?»

«መኪናው ተራራውን ይዞራላ። ይሄ ተራራ አይዞርም፣ በላዩ ነው የሚሄደው።»

«ታዲያ ለድሃ መንገዱም ይረዝማል በሉኛ።»

ነጋዴው ሆዱ እስኪነቃነቅ ሳቀ። «እውነትዎን ነው እህቴ! እኔም ጨርቅ በጀርባዬ ተሸክሜ ስዞር በዚያው በሩቁ መንገድ ነበር የምሄደው።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። ደመናው ተከፍቶ ነበር። ከታች ቀይ ክር የመሰለ ነገር ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ መንገዱ ነው። ከክሩ መሀል አንድ ወንዝ፣ ወንዙ ላይ ድልድይ፣ ከድልድዩ ማዶ የቆርቆሮ ጣሪያ ብልጭ ብልጭ የሚል እፍኝ የማትሞላ ከተማ። ልቧ ደነገጠ፤ አወቀቻት። አውቶቡሱ የሚያድርባት ከተማ ናት። አንድ ሙሉ ቀን ተቀጥቅጣ የምትደርስባት፣ ቦርሳዋን ተንተርሳ ዓይኗን ሳትከድን የምታድርባት ያቺ ከተማ። ኩባያውን ወደ አፏ አስጠግታ አንድ ጊዜ ፉት አለችና መልሳ ብታይ ከተማዋ የለችም። አልፈዋታል። ትንሽ ቆይቶ አስተናጋጇ ኩባያ ልትሰበስብ መጣች፤ የሷ ሻይ ገና እንፋሎት አለው። «ልንወርድ ነው እናቴ» አለቻት።

ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። ለእናቷ አልነበረም፤ እናቷ ገና በሐሳቧ በሕይወት አለች። እንባው ዝም ብሎ፣ ሳታቃስት፣ አገጯ ላይ እየወረደ ቀሚሷን አራሰው። ነጋዴው ተጨንቆ ጎንበስ አለላት።

«ፈሩ እንዴ እህቴ? አይዞዎት፣ ማረፍ ቀላል ነው።»

«አልፈራሁም።»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

«አጠረብኝ» አለች።

ሰውየው አልገባውም። ቢሆንም መሐረቡን ከኪሱ አውጥቶ ትራሱ ላይ አኖረላትና ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

የእህቷ ቤት ያለበት መንደር ስትደርስ ማንም ሳይነግራት ዐወቀች። ወንበሮች ከቤት ውጭ ተደርድረዋል፤ ከጎረቤት የተሰበሰቡ፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለ። ወንዶች እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። ታክሲው ሲቆም ሁሉም ቀና ብለው አዩና የሚጠብቁት ሰው ባለመሆኑ መልሰው ጎንበስ አሉ። እታለም ከቤት ወጣች፤ ፀጉሯ ተንጨባሯል፣ ነጠላዋ ተገልብጧል። ትራሱን ያቀፈችውን እህቷን ስታይ ደርቃ ቀረች።

«በምን መጣሽ?» አለቻት።

መጣሽልኝ አላለችም፤ ሞተች አላለችም። በምን መጣሽ። ፍራሽ ሰፊዋ ግን በዚህ ቅር ለመሰኘት ጊዜ አላገኘችም፤ እህቷ አንገቷ ላይ ወድቃ «ስድስት ሰዓት ላይ፣ ስድስት ሰዓት ላይ» እያለች ታለቅሳለች። ስድስት ሰዓት ላይ እሷ ሱቋ ውስጥ ቆማ የትራሱን የመጨረሻ ስፌት እየዘጋች ነበር።

እናቷ በጓዳው፣ በራሷ አልጋ ላይ ናት። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ግድግዳው የሎሚ ቀለም ነው፤ መስኮቱ ሥር ያልተጠጣ መድኃኒትና ግማሽ ብርቱካን አለ። ተከናንባ በአሮጌው ትራስ ላይ አንገቷ ወደ ጎን ዘምሟል። ፍራሽ ሰፊዋ ማንንም ሳትጠራ በግራ እጇ የእናቷን ራስ ቀና አደረገች፤ ገና ለዘብ ይላል፤ አሮጌውን ጎትታ አወጣችና አዲሱን አስገባች። ራሷ ጎድጓዳው ውስጥ ገባ፤ ልክ ነው፤ አንገቷ ተቃና። እንዲህ ልክ የሆነ ሥራ ሠርታ አታውቅም፤ የሚያመሰግናት ግን የለም። አጠገቧ ብዙ ተቀመጠች። ያለቀሰችው ሲበቃት ተነሥታ ወጣች።

በረንዳው ላይ አጎታቸው፣ የእናታቸው ወንድም፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ስለ ነገ ይነጋገራል። ጉድጓዱ ታዟል፤ ነገ አራት ሰዓት ላይ ይወጣሉ። እታለም ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «ኢንጂነሩስ?» አለች።

«ሩቅ ነው ያለው፤ ልከንበታል» አለች ፍራሽ ሰፊዋ። «ነገ ማታ ከተማ ይገባል። ከነገ ወዲያ በአውሮፕላን ይመጣል።»

አጎታቸው ራሱን ነቀነቀ። «ከነገ ወዲያ? እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ ልጁ አይደርስም።»

«አይደርስም» አለች እታለምም እያለቀሰች። «የኔ ወንድም፣ አይደርስም።»

ያቺ ቃል። አሥራ አንድ ዓመት ልክ እንደ መርፌ ደረቷ ላይ ተሰክታ የኖረች ቃል ከሌላ ሰው አፍ፣ ለሌላ ሰው ስትባል ሰማቻት። ለሷ ስትባልም እንዲሁ ነበር ማለት ነው፤ በእንባ፣ በለስላሳ ድምፅ፣ ራስ እየተነቀነቀ። ዝም ብትል ይበቃት ነበር። አንድ ቃል መናገር አይጠበቅባትም። ነገ አራት ሰዓት ይሆናል፣ አፈሩ ይመለሳል፣ ወንድሟም አንድ ቀን ከሷ ጋር እኩል ይሆናል።

«ማን ለካው?» አለች።

«እንዴት?» አለ አጎታቸው።

«አይደርስም የምትሉት፣ ማን ለክቶት ነው? ይደርሳል እኮ። ሁለት ቀን ነው። የምትጠብቁት ከሆነ ይደርሳል።»

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ሰው ሁለት ቀን አቁመን? አስከሬኑስ?»

«አባባን ከዓሣ ቤት በረዶ አምጥታችሁ አቆይታችሁት የለ? ዓሣ ቤቱ ዛሬም አለ፤ ስመጣ አይቼዋለሁ።»

እታለም ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። አፏን ከፈተች። «ያኔ እኮ አንቺ...» ብላ ጀመረች። ዓይኗ እህቷ በያዘችው የተጨማደደ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ከዚያም ባላበጠ እግሯና ባልቆሸሸ ጫማዋ ላይ አረፈ። ልትጨርሰው የነበረው ነገር አፏ ውስጥ ሲሞት ታየ። እንዳዲስ አለቀሰች፤ ይህኛው ለቅሶ ግን ለእናቷ እንዳልሆነ ሁለቱ ብቻ ዐወቁ።

አጎታቸው ቆጣ አለ። «አንቺ ደርሰሻል አይደል እንዴ? ከዚህ ወዲያ ምን ቀረሽ?»

«ለሱ ብዬ አይደለም ጋሼ» አለች። «አባቷ ከተቀበረ በኋላ የተነገራት ሰው የምታለቅሰውን ለቅሶ አሥራ አንድ ዓመት ሳለቅስ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሚመስለው ነገር የለም። ለጠላቴም አልመኘው።»

ተነሣች። ጓዳውን ዘጋች፣ ቆለፈች፤ ቁልፉን ደረቷ ላይ፣ መርፌዋ በነበረበት ቦታ ከቀሚሷ ሥር ሸጎጠችው፤ ወንበር ስባ በሩን ተደግፋ ተቀመጠች። አንዱ ሽማግሌ «ይህቺ ልጅ ከጥንትም ደረቅ ናት» ሲል ሰማችው፤ ሌላው «ተዋት እባክህ» አለ። አጎታቸው ጢሙን እያሻሸ ቆየ። ከዚያ አንዱን የጎረቤት ሰው ጠርቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓሣ ቤቱ ሳይዘጋ እንዲደርስ ነገረው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስልኳ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው። መጀመሪያ የተሰማት ንፋስ ነበር፤ ከዚያ ኮረብታ ሮጦ የወጣ ሰው ትንፋሽ።

«እትዬ?»

«አቤት።»

«እማዬስ?»

ማለሳለስ አላወቀችበትም። «ዐርፋለች» አለችው።

ንፋሱ ብቻ ነፈሰ። በልጅነቱ ሲያለቅስ ከድምፁ የምታውቀው ልጅ ዛሬም ከዝምታው ታወቃት፤ ጉልበቱን አቅፎ መሬት ላይ መቀመጡን እንዳየችው ያህል ዐወቀች። ብዙ ቆይቶ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ «ቀበራችኋት?» አለ።

«አልቀበርናትም።»

«አንቺ የት ነሽ?»

«አጠገቧ ነኝ።»

«እንዴ... ሾፌሩ እኮ ጠዋት እኛ ቤት ሆነሽ ነው የላክሽብኝ አለኝ። በምን ደረስሽ?»

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀ መልስ ነው። በአፏ ውስጥ ስንት ጊዜ አላምጣዋለች፣ ስንት ሌሊት አሹላዋለች። አሁን ሲወጣ ግን ጉልበት አልነበረውም፤ ደክሞት የመጣ እንግዳ ይመስል ነበር።

«እኔማ በአውሮፕላን» አለች።

ሊናገር ሞከረ፤ «እትዬ፣ እኔ ያኔ...» አለና ድምፁ ተሰበረ።

«ተወው» አለችው። በአንድ እጇ ደረቷ ላይ ያለውን ቁልፍ በጨርቁ ላይ ጫን አድርጋ ያዘች። በሩ በስተጀርባዋ ቀዝቃዛ ነው። «ጎህ ሲቀድ ተነሥ። በጨለማ እንዳትነዳ። እኔ ሳልከፍት ማንም አይወስዳትም። ቀስ ብለህ ና፤ ደርሰሃል።»